ብራውዘሩ ይከፍተዋል፣ ፕሮግራሜ ግን ስሙን አያገኘውም

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«በሲ++ የጻፍኩት የመጋዘን ዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም አለኝ። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ነው። እዚህ ያለ ችግር ይሠራል። ፍራንክፈርት ያለው ባልደረባችን ግን የቢሮው ዋይፋይ ከተቀየረ ወዲህ ፕሮግራሙ ‹ስሙ ወይም አገልግሎቱ አይታወቅም› ብሎ ይቆምበታል። በዚያው ላፕቶፕ ብራውዘሩ ድረ ገጻችንን ይከፍታል። ስም ተሰጥቶት አድራሻ የሚፈልገው ዲግ የሚባል ትእዛዝም አድራሻውን ያመጣል። አጠገቡ ያለው ሰው ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ስሙን አግኝቶ ‹ኔትወርኩ አይደረስበትም› ይላል። ሁለቱም ሊኑክስ ናቸው። የቢሮው አይቲ አዲሱ ኔትወርክ አይፒቪ6 (አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት) ብቻ እንደሆነ ነገረን። ሰዎች ደግሞ መፍትሔው አይፒቪ6ን መዝጋት ነው ይላሉ። እውነት ነው?»

ጤና ይስጥልኝ። ከመጨረሻው ልጀምር። አይፒቪ6ን እንዳይዘጉ። በዚያ ቢሮ ላፕቶፑ ወደ ውጭ የሚወጣበት መንገድ እሱ ብቻ ነው። ቢዘጉት ብራውዘሩም አብሮ ይቆማል። ምክሩ የድሮ ነው። ያኔ ማሽኑ አይፒቪ6 እያለው ኔትወርኩ በደንብ ስለማያሳልፈው፣ ሲዘጋ ነገሩ ፈጠን ይል ነበር። እርስዎ ጋ ያለው የዚያ ግልባጭ ነው።

ኔትወርኩንም አልጠረጥርም። ብራውዘሩ መክፈቱ በቂ ምስክር ነው። እኔ የምጠረጥረው ፕሮግራምዎ ስሙን የሚጠይቅበትን መስመር ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

አንድ ስም ሁለት ዓይነት አድራሻ ሊኖረው ይችላል። ኤ ሬኮርድ የሚባለው መዝገብ 32 ቢት የሆነውን የድሮውን የአይፒቪ4 አድራሻ ይይዛል። ኳድ-ኤ የምንለው ደግሞ 128 ቢት የሆነውን የአይፒቪ6 አድራሻ። ስለዚህ ለዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ ለሚተረጉመው አገልግሎት) የሚላከው ጥያቄ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። የትኛው እንደሚላክ የሚወስነው ፕሮግራሙና ከሥሩ ያለው ላይብረሪ ነው። ዲኤንኤስ የተጠየቀውን መልሶ ዝም ይላል።

የእርስዎ ሰርቨር ኤ ሬኮርድ ብቻ ያለው ይመስለኛል። ታዲያ ብራውዘሩ አይፒቪ6 ብቻ ካለው ቢሮ ተነስቶ እንዴት አዲስ አበባ ደረሰ? ሥራውን የሠሩት ዲኤንኤስ64 እና ናት64 የሚባሉ ጥንዶች ናቸው። ሁለቱም ደረጃቸው የወጣው በ2011 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ብራውዘሩ ኳድ-ኤ ይጠይቃል። የቢሮው ዲኤንኤስ ሰርቨር ፈልጎ ያጣል። ባዶ እጁን አይመልሰውም፤ ኤ ሬኮርዱን ያመጣና ከፊቱ 64:ኤፍኤፍ9ቢ::/96 የሚባለውን መነሻ ለጥፎ አዲስ የአይፒቪ6 አድራሻ ይሠራለታል። ሰርቨርዎ 198.51.100.7 ቢሆን ብራውዘሩ የሚደርሰው 64:ኤፍኤፍ9ቢ::ሲ633:6407 ነው። የመጨረሻዎቹ 32 ቢቶች ያው የእርስዎ አድራሻ ናቸው፣ በሄክስ ተጽፈው። ብራውዘሩ ፓኬቱን ወደዚያ ይልካል። መውጫው ላይ ያለው ናት64 ወደ አይፒቪ4 ቀይሮ ያሳልፈዋል። ሰርቨርዎ ምንም አያውቅም፤ ተራ የአይፒቪ4 ደንበኛ መጣ ብሎ ያስተናግዳል። አንዳንድ ኔትወርክ የራሱን መነሻ ይጠቀማል፣ አሠራሩ ግን ያው ነው።

ልብ ይበሉ፣ ይህ ሁሉ የሚደረገው ኳድ-ኤ ለጠየቀ ብቻ ነው። ኤ ለጠየቀ ዲኤንኤስ64 ዋናውን አድራሻ እንዳለ ያቀብለዋል። ያ አድራሻ ትክክል ነው። ችግሩ ከላፕቶፑ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ የለም።

ዲግ ያሳሳተዎትም በዚህ ነው። ዲግ ምንም ሳይጨምሩ ስም ብቻ ሲሰጡት የሚጠይቀው ኤ ሬኮርድ ነው። በዚያ ላይ በሲ ላይብረሪው በኩል አያልፍም። ማሽኑ ላይ ስምና አድራሻ በእጅ የሚጻፍበትን የሆስትስ ፋይል አያይም፣ ማሽኑ ላይ ምን ዓይነት አድራሻ እንዳለ አይመረምርም፣ በቀጥታ ዲኤንኤስ ሰርቨሩን ይጠይቃል። ዲግ መለሰ ማለት ፕሮግራምዎ መልስ ያገኛል ማለት አይደለም። ፕሮግራምዎ የሚያየውን ማየት ከፈለጉ «ጌትኤንት አሆስትስ» ብለው ስሙን ይስጡት። እሱ ፕሮግራሞች አድራሻ ለማግኘት በሚጠሩት ጌትአድርኢንፎ በሚባል ፈንክሽን በኩል ነው የሚያልፈው። እርግጠኛ ነኝ ፍራንክፈርት ላይ 64:ኤፍኤፍ9ቢ ብሎ የሚጀምር አድራሻ ያወጣልዎታል።

አሁን ወደ ኮዱ። ፕሮግራሙ ጌትአድርኢንፎን ሲጠራ የሚሰጠውን የሂንትስ መዋቅር ይክፈቱ። ፋሚሊ የሚለው ቦታ ላይ ኤኤፍ_ኢኔት የሚል፣ ፍላግ ላይ ደግሞ ኤአይ_አድርኮንፊግ የሚል የምናገኝ ይመስለኛል። ኤኤፍ_ኢኔት «አይፒቪ4 ብቻ ስጠኝ» ማለት ነው። ኤአይ_አድርኮንፊግ ደግሞ «ማሽኑ ላይ የሌለ ዓይነት አድራሻ አታምጣ» ማለት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ጂሊብሲ፣ ማለትም የሊኑክሱ የሲ ላይብረሪ፣ የማሽኑን አድራሻዎች ይቆጥራል። ማሽኑ ራሱን የሚጠራበትን 127.0.0.1ን አይቆጥርም። ሌላ አይፒቪ4 ካጣ «ልክ የሆነ መልስ ልሰጥ አልችልም» ብሎ እዚያው ኢኤአይ_ኖኔም ይመልሳል። ሰው ፊት ሲወጣ «ስሙ ወይም አገልግሎቱ አይታወቅም» የሚለው እሱ ነው።

የሚገርመው ለዲኤንኤስ ምንም ጥያቄ አለመላኩ ነው። ስሙ አልታወቀም ይላል፣ ስሙን ግን ማንንም አልጠየቀም! ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ባልደረባዎ አንድ ተርሚናል ላይ ቲሲፒደምፕ (የሚያልፉ ፓኬቶችን የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍቶ ዲኤንኤስ የሚያልፍበትን ፖርት 53 ይመልከት፣ በሌላው ፕሮግራሙን ያስነሳ። ሁሉንም ኢንተርፌስ እንዲያይ ያድርጉት፤ ኡቡንቱ ላይ ጥያቄው መጀመሪያ የሚሄደው 127.0.0.53 ላይ ወዳለው የማሽኑ የራሱ ስም ፈላጊ፣ ሲስተምዲ-ሪዞልቭድ፣ ነው። ስህተቱ ወጥቶ አንድም ፓኬት ካልታየ ጥርጣሬው ተረጋገጠ። የዲኤንኤስ ሰርቨሩን መክሰስ ያቆማሉ።

የሁለተኛው ላፕቶፕ እንቆቅልሽም ከዚሁ ይፈታል። በግምት ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ሳጥን ለይቶ የሚያስኬድ መሣሪያ) ተጭኖበታል። ዶከር ሲጫን ብዙ ጊዜ 172.17.0.1 የሚል አድራሻ ያለው የራሱን ድልድይ ይፈጥራል። ጂሊብሲ ይህን ያይና «አይፒቪ4 አለ» ይላል። አድራሻው ወደ የትም እንደማያደርስ አይመረምርም። ስለዚህ ኤ ሬኮርዱን ይጠይቃል፣ ያገኛል፣ ፕሮግራሙ ሊገናኝ ሲል መንገድ የለም። «ኔትወርኩ አይደረስበትም» ይላል። ቨርቹዋል ማሽንና ቪፒኤንም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ። ሁለት የተለያየ ስህተት፣ አንድ መነሻ። ሁለቱን ለይተው መጻፍዎ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው «ኮኔክት አያደርግም» ብሎ ነው የሚያልፈው።

ጌትአድርኢንፎን ጭራሽ ካላገኙ ኮዱ የሚጠራው ጌትሆስትባይኔምን ሊሆን ይችላል። እሱ የሚያውቀው አይፒቪ4ን ብቻ ነው። የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ደረጃ የሆነው ፖዚክስ በ2008 እትሙ ከዝርዝሩ ሰርዞታል። ያም ሆኖ የድሮ ላይብረሪ ውስጥ ሞልቷል። ስለዚህ የራስዎን ኮድ ብቻ ሳይሆን የሚጠቀሙባቸውን ላይብረሪዎችም ይፈትሹ። ኤልትሬስ ወይም ኤንኤም የሚባሉትን ትእዛዞች ቢጠቀሙ የትኛው ፈንክሽን እንደሚጠራ ያሳይዎታል።

ማስተካከያው አጭር ነው። ፋሚሊውን ወደ ኤኤፍ_አንስፔክ ይቀይሩት፤ ሁለቱንም ዓይነት ያመጣል። ግን እዚያ አያቁሙ። እኔ ብዙ ጊዜ የማየው ግማሽ ማስተካከያ ነው፤ ስሙ ተፈልጎ ይገኝና ቀጥሎ ያለው ኮድ አድራሻውን ለአይፒቪ4 ብቻ በተሰፋው ሶክአድር_ኢን ውስጥ ሊጨምቀው ይሞክራል። አይፒቪ6 እዚያ አይገባም። ሶክአድር_ስቶሬጅ ይጠቀሙ፤ ይሻላል የምለው ግን ጌትአድርኢንፎ የሰጠዎትን አድራሻና ርዝመት እንዳለ ለኮኔክት ማቀበል ነው። ሶኬቱንም ከመልሱ ውስጥ ባለው ፋሚሊ ይፍጠሩት። የመጣውን ዝርዝር ደግሞ እስከ መጨረሻው ይዙሩት። አንዱ እምቢ ካለ ወደሚቀጥለው። የመጀመሪያውን ብቻ ሞክሮ ተስፋ የሚቆርጥ ፕሮግራም ዛሬ ፍራንክፈርት ቢሠራ ነገ ሌላ ቦታ ይቆማል።

ለእያንዳንዱ ሙከራ የጊዜ ገደብ ያስቀምጡ። ፋየርዎል ፓኬቱን ዝም ብሎ ከዋጠው ሊኑክስ በራሱ ነባሪ ከ1 ደቂቃ በላይ ይጠብቃል። ብራውዘሮች ይህን የሚያመልጡት ሃፒ አይቦልስ በሚባለው ዘዴ ነው። በ2017 የወጣው ደረጃው አንዱን አድራሻ ሞክሮ በ250 ሚሊሰከንድ ውስጥ ካልተሳካ ሁለተኛውን ጎን ለጎን መሞከር ይመክራል። እርስዎ ያን ያህል መድከም የለብዎትም። ሊብከርል የሚባለው ላይብረሪ ይህን ሠርቶ አስቀምጦታል፤ የእርስዎ ፕሮግራም በኤችቲቲፒ የሚያወራ ከሆነ ሶኬቱን ለእሱ ይተዉለት።

ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ስም ሳይሆን ቁጥር የተጻፈበት ቦታ ካለም ያጥፉት። 198.51.100.7 ብሎ በቀጥታ ለሚጠራ ዲኤንኤስ64 ምንም አያደርግለትም፤ ስም አልተጠየቀማ። ለአይፎንም ፕሮግራም የሚያወጡ ከሆነ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አፕል ከሰኔ 2016 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ወደ አፕ ስቶር የሚገባ ሁሉ አይፒቪ6 ብቻ ባለው ኔትወርክ ላይ እንዲሠራ ያስገድዳል።

«ለምን ሰርቨሬ ላይ ኳድ-ኤ ጨምሬ አልገላገልም?» ይሉ ይሆናል። ይጨምሩ፣ ጥሩ ነው፤ ግን በቅደም ተከተል። መጀመሪያ ሰርቨሩ የአይፒቪ6 አድራሻ ይኑረው። ቀጥሎ ፕሮግራሙ በእሱ ላይ ያዳምጥ። ከዚያ ፋየርዎሉ ይከፈት፣ ከውጭም ይሞከር። ሬኮርዱ መጨረሻ ላይ ይግባ። ሰው ሁሉ ሬኮርዱን ነው የሚያስቀድመው። ይህ ፍራንክፈርት ላይ የሚያመጣውን ጣጣ ይመልከቱ፦ ዲኤንኤስ64 እውነተኛ ኳድ-ኤ ካገኘ የራሱን መሥራት ያቆማል። እስከ ዛሬ በናት64 በኩል ደህና ይገባ የነበረው ብራውዘር በማይሠራ አድራሻ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አዲስ አበባ ላይ፣ ኔትወርክዎ አይፒቪ4 ብቻ ከሆነ፣ ምንም አይታይዎትም።

አይሲኤምፒቪ6ን (የአይፒቪ6 የስህተት መልእክት የሚላክበትን) በጅምላ የሚዘጋ ፋየርዎልም ያስወግዱ። በአይፒቪ6 ራውተሮች መሐል መንገድ ላይ ፓኬት አይቆራርጡም፤ «ይህ ፓኬት ትልቅ ነው» የሚል መልእክት ለላኪው ይመልሳሉ። መልእክቱ ከተዘጋ ትንንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ይጠፋል። ትልቅ የዲኤንኤስ መልስም እንዲሁ ይጠፋል። በ2020 የዲኤንኤስ ሰዎች የዩዲፒ መልስ ከ1232 ባይት እንዳይበልጥ የመከሩት ይህን የመሰለ ጣጣ ለማስቀረት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከራስዎ በኩል ያረጋግጡ። አሁኑኑ ከአዲስ አበባ ዲግን ለሰርቨርዎ ስም ኳድ-ኤ ይጠይቁት። ባዶ መልስ መምጣቱ ችግር የለውም። የሚያዩት ከላይ ያለውን ስታተስ ነው። ኖኤረር ካለ ጤነኛ ነው። ኤንኤክስዶሜይን ካለ ግን የዲኤንኤስ ሰርቨርዎ ተበላሽቷል። «የአቶ እገሌ ስልክ የለኝም» ማለትና «እገሌ የሚባል ሰው የለም» ማለት ልዩነት አለው፤ ሁለተኛውን የሰማ ሰው መፈለጉን ያቆማል። ዲኤንኤስ64ም እንደዚያው ነው፤ ኤንኤክስዶሜይን ሲደርሰው ኤ ሬኮርዱን ሳይፈልግ እንዳለ ለጠያቂው ያስተላልፋል። ይህ በሽታ በ2005 በወጣ፣ አርኤፍሲ 4074 በሚባል የኢንተርኔት ሰነድ ላይ በዝርዝር ተጽፏል። ዛሬም አሮጌ ሎድ ባላንሰር ወይም በቤት የተሠራ ዲኤንኤስ ላይ ያጋጥማል።

ኮዱን ካስተካከሉ በኋላ ሌላ አቤቱታ ሊመጣብዎ ይችላል፦ «አሁን ይሠራል፣ ግን ይዘገያል።» መዘግየቱ ልክ 5 ሰከንድ ወይም የ5 ብዜት ከሆነ ሰርቨርዎን አይንኩ። ጂሊብሲ ሁለቱን ጥያቄዎች፣ ኤ እና ኳድ-ኤን፣ ከአንድ ሶኬት አከታትሎ ይልካል። አንዳንድ ፋየርዎል የመጀመሪያው መልስ ሲያልፍ «አለቀ» ብሎ በሩን ይዘጋና ሁለተኛው ይቀራል። ጂሊብሲ በነባሪው 5 ሰከንድ ጠብቆ እንደገና ይጠይቃል። የዲኤንኤስ ሰርቨሩ በሚጻፍበት ሪዞልቭ ነጥብ ኮንፍ በሚባል ፋይል ውስጥ «ኦፕሽንስ» ብለው «ሲንግል-ሪኩዌስት-ሪኦፕን» ቢጨምሩ ይድናል። ብዙ ኮንቴይነሮችን በሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ ላይም ይኸው 5 ሰከንድ ይታያል፤ እዚያ ግንኙነቶችን የሚከታተለው የከርነሉ ክፍል፣ ኮንትራክ፣ ሁለቱን ፓኬቶች እኩል ሲያስተናግድ አንዱን ይጥላል።

ፕሮግራሙን ኮንቴይነር ውስጥ ለማስገባት ካሰቡ ሌላ ወጥመድ አለ። የዶከር ነባሪ ድልድይ ለኮንቴይነሩ የሚሰጠው አይፒቪ4 ብቻ ነው። ያኔ ኤኤፍ_አንስፔክ ብለው እንኳ፣ ኤአይ_አድርኮንፊግ ካለበት፣ ጂሊብሲ «እዚህ ያለው አይፒቪ4 ነው» ብሎ ኤ ብቻ ይጠይቃል። ላፕቶፑ ላይ ሠርቶ ኮንቴይነር ውስጥ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ለድልድዩ አይፒቪ6 ይክፈቱለት ወይም የላፕቶፑን ኔትወርክ በቀጥታ ይጠቀሙ።

እርስዎ በሲ++ ስለጻፉ ሌሎቹን ቋንቋዎች በሩጫ ላልፍ። ፓይተን ላይ ሶኬት ጌትሆስትባይኔም አይፒቪ6 አያውቅም፤ ክሪኤት ኮኔክሽን ይሻላል፣ ዝርዝሩን ራሱ ይዞራል። ፒኤችፒ ላይ ጌትሆስትባይኔም ሲያቅተው ስህተት አይሰጥም፤ የሰጡትን ስም መልሶ ይሰጥዎታል፣ ስለዚህ ሎግ ላይ ሳይታይ ያልፋል። ጃቫ ላይ ማስነሻ ስክሪፕቱ ውስጥ «ፕሪፈር አይፒቪ4 ስታክ» ትሩ የሚል ካለ ይንቀሉት፤ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ መስመር ነው ሁልጊዜ። ጃቫስክሪፕት የሚያስኬደው ኖድ ከስሪት 17 ጀምሮ አድራሻዎችን ሲስተሙ በሰጠው ቅደም ተከተል ይወስዳል። ሎካልሆስት ሲባል ::1ን ያስቀድምና 127.0.0.1 ላይ ብቻ የሚያዳምጥ ዳታቤዝ «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ይለዋል።

የባልደረባዎ ላፕቶፕ ላይ ሪዞልቭ ነጥብ ኮንፍንም ይይ። 8.8.8.8 ብሎ በእጁ የጻፈ ከሆነ ያጥፋ። እሱ የአይፒቪ4 አድራሻ ስለሆነ ከዚያ ቢሮ አይደረስበትም። 2001:4860:4860::8888 ቢያደርገውም ይደረስበታል እንጂ ዲኤንኤስ64 አይሠራለትም። የኔትወርኩን ሰርቨር ይጠቀም። ዲኤንኤስ64 መኖሩን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፦ «አይፒቪ4ኦንሊ ነጥብ አርፓ» የሚለውን ስም ኳድ-ኤ ይጠይቅ። ይህ ስም ሆን ተብሎ ኤ ሬኮርድ ብቻ፣ 192.0.0.170 እና 192.0.0.171፣ ተሰጥቶታል። ኳድ-ኤ ከመጣ ሰርቨሩ ሠርቶ ያመጣው ነው፤ መነሻውም እዚያው ይታያል። ላፕቶፑ ላይ ዲኤንኤስሴክን (የዲኤንኤስ መልስ የሚረጋገጥበትን ፊርማ) የሚያጣራ የራሱ ሪዞልቨር ካለ ግን ይጠንቀቁ። የተሠራ አድራሻ ፊርማ ስለሌለው፣ ፊርማ ያለው ዶሜይን ከሆነ ሐሰተኛ ብሎ ይጥለዋል።

ፍራንክፈርት ሳይሄዱ መሞከር ይቻላል። ማክ ካለዎት የሲስተም ሴቲንግ ውስጥ ኢንተርኔት ሼሪንግ ጋ ይግቡ። የኦፕሽን ቁልፍን ተጭነው ሲከፍቱት «ናት64 ኔትወርክ ፍጠር» የሚል ምርጫ ይወጣል። የእርስዎ ኢንተርኔት አይፒቪ4 ብቻ ቢሆንም ይሠራል። ማክ ከሌለዎት አንድ ትርፍ የሊኑክስ ማሽን ላይ አንባውንድን ለዲኤንኤስ64፣ ጁልን ወይም ታይጋን ለናት64 ይጫኑ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ግን አንዴ ከተሠራ ማንኛውንም ስሪት ከመልቀቅዎ በፊት እዚያ ላይ ማስነሳት ይችላሉ። ሲሞክሩ ዶከር የሌለበት ማሽን ይምረጡ። ምክንያቱን ከላይ አይተነዋል።

አዲሱ ስሪት እስኪደርስ ባልደረባዎ ሥራ መፍታት የለበትም። ላፕቶፑ ላይ ክላትዲ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይጫን። እሱ ለላፕቶፑ ምናባዊ የአይፒቪ4 አድራሻና መንገድ ይሰጠዋል፤ ከዚያ የሚወጣውን ወደ አይፒቪ6 እየቀየረ በናት64 በኩል ይልካል። አንድሮይድ ስልኮች የሚጠቀሙበት ዘዴ ይኸው ነው። የአሁኑ ፕሮግራምዎ ሳይነካ ይሠራል፤ ጂሊብሲም የሚቆጥረው አይፒቪ4 ያገኛል። አዲሱን ስሪት ሲልኩለት ግን መጀመሪያ ክላትዲን ያስቆም። ካላስቆመ አሮጌውም ኮድ አዲሱም እኩል ይሠራሉ፣ ያስተካከሉት መሥራቱን የሚያውቁበት መንገድ አይኖርዎትም።